መዳብና አሮማቲክ አሚኖች

ፓራሲታሞል፣ የጂንስ ሱሪ ሰማያዊ ቀለም፣ የስፖንጅ ፍራሽ፣ የመኪና ጎማ። የሚዛመዱ አይመስሉም። አራቱም ሲመረቱ ግን መሀል ላይ አሮማቲክ አሚን የሚባል ውህድ አለ። ስድስት ካርቦኖች ክብ ሠርተው ሲያያዙ የቤንዝን ቀለበት ይባላል (መኪና የሚሞላው ቤንዚን ሌላ ነው)። በዚህ ቀለበት ላይ ናይትሮጅን ሲገጠም አሮማቲክ አሚን ይሆናል። ከሁሉም ቀላሉና በብዛት የሚመረተው አኒሊን ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መዳብ እነዚህን አሚኖች «ለአካባቢ ተስማሚ» በሆነ መንገድ ለመሥራት ምን ያህል እንደሚረዳ ነው።

ቤተሰቡ ጨዋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1895 ሉድቪግ ሬን የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም በማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሽንት ፊኛ ዕጢ ማየቱን ይፋ አደረገ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው)። ኋላ ላይ ካንሰር አምጪ መሆናቸው የተረጋገጠው ቤንዚዲንና 2-ናፍታይላሚን ሁለቱም አሮማቲክ አሚኖች ናቸው። እና «ለአካባቢ ተስማሚ» ሲባል አሠራሩ ማለት ነው፤ ምርቱ አይደለም። ይህ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

ድሮ አኒሊን የሚሠራው በብረት ነበር። ፈረንሳዊው አንትዋን ቤሻምፕ በ1854 ያሳየው ዘዴ ቀላል ነው። ናይትሮቤንዝንን (ናይትሮጅኑ ኦክስጅን የያዘበት የቤንዝን ቀለበት ነው) ከብረት ብናኝና ከጥቂት አሲድ ጋር ማገናኘት። ብረቱ ከናይትሮቤንዝኑ ላይ ኦክስጅን ይነጥቅና ራሱ ይዝጋል። ሒሳቡ ሲሠራ፣ 1 ኪሎ አኒሊን ሲገኝ ወደ 1.9 ኪሎ የዛገ ብረት ዝቃጭ ይተርፋል። ከምርቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም! የጀርመኑ ባየር ከ1920ዎቹ ጀምሮ ይህንን ዝቃጭ ወደ ቀለም ቀይሮ ሸጦታል። ጎበዝ ናቸው። ሁሉም ግን እንደነሱ አልቀናውም።

በብረቱ ፋንታ ሃይድሮጅን ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። በሒሳብ ደረጃ ለ1 ኪሎ አኒሊን የሚተርፈው ወደ 0.4 ኪሎ ውሃ ብቻ ነው። ችግሩ፣ ሃይድሮጅን ብቻውን ናይትሮቤንዝንን ዞር ብሎም አያየው። አገናኝ ይፈልጋል። አገናኙ ካታሊስት ይባላል፤ ሥራውን ያፋጥናል እንጂ ራሱ አያልቅም። ፕላቲነምና ፓላዲየም ይህን ይችላሉ፣ ኒኬልም ይችላል። መዳብ ደግሞ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው። ናይትሮጅኑ ጋ ያለውን ሥራ ይሠራና ቀለበቱን እምብዛም አይነካም። ኒኬል አንዳንዴ ቀለበቱንም ሃይድሮጅን ያጠግበዋል፤ ያኔ የማይፈለግ ሌላ ውህድ ይመጣል።

ባስፍ (BASF) የተባለው የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ የሚታወቅበት አሠራር እንዲህ ነው። መዳቡ በደቃቅ የሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) ቅንጣቶች ላይ ይለበጣል። የናይትሮቤንዝን እንፋሎትና ሃይድሮጅን ከታች ይነፋሉ። ቅንጣቶቹ ከመሬት ይነሱና ልክ እንደ ሽሮ ይንተከተካሉ። ሙቀቱ ከ270 እስከ 290 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። መንተክተኩ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ለውጥ ኃይለኛ ሙቀት ያወጣል፤ ቅንጣቶቹ ዝም ብለው ቢቀመጡ አንዱ ቦታ ይቃጠላል። በውስጡ የተዘረጉት ቱቦዎች ሙቀቱን ወስደው የውሃ እንፋሎት ያደርጉታል፤ እንፋሎቱም ለፋብሪካው ሌላ ሥራ ይውላል። ከገባው ናይትሮቤንዝን ከ99 በመቶ በላይ አኒሊን ሆኖ ይወጣል። ስለ መዳብ «አረንጓዴነት» ሲወራ እኔ የማስቀድመው ይህንን አሮጌ ፋብሪካ ነው። አሟሚ ፈሳሽ የለ፣ የብረት ዝቃጭ የለ።

እንከንም አለው። ድኝ ያለበት ቆሻሻ ከገባ መዳቡ ይመረዛል። በላዩ ላይ ጥላሸት ሲከማችም ይደክማል፤ በአየር አቃጥለው ያድሱታል። ከዚህ የባሰው ክሮሚየም ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ መዳብን ከክሮሚየም ጋር ማጣመር የተለመደ ነበር፤ ጥንካሬ ይሰጠዋል። ነገር ግን ክሮሚየም ስድስት የሚባለው ዓይነት ካንሰር ያመጣል። ስለዚህ ክሮሚየም የሌለበት የመዳብ ካታሊስት ለማግኘት ብዙ ተደክሟል።

ሁለተኛው መንገድ ናይትሮጅንን ከውጭ አምጥቶ ቀለበቱ ላይ መስፋት ነው። ይህ የመድኃኒት ሠሪዎች መንገድ ነው። ጄኔቫ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ፍሪትስ ኡልማን በ1903 በመዳብ አሳየው። ኢርማ ጎልድበርግ ደግሞ በ1906 መዳቡን በብዛት መጨመር እንደማያስፈልግ፣ ጥቂቱ እንደሚበቃ አሳየች። ሁለቱ በ1910 ተጋቡ። ዘዴው ግን ብዙ ጊዜ ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልግ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ በቀላሉ የሚበላሽ ሞለኪውል አይተርፍም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፓላዲየም መጣና መዳብን ገሸሽ አደረገው።

መዳብ የተመለሰው በረዳት ነው። ሊጋንድ የሚባሉ ሞለኪውሎች መዳቡን አቅፈው ሲይዙት በአነስተኛ ሙቀት ይሠራል። በ2001 የአሜሪካዊው ኬሚስት ስቲቨን ባክዋልድ ቡድን ርካሽ ዳይአሚኖችን (ሁለት አሚን ያላቸውን ሞለኪውሎች) ተጠቀመ። ቻይናዊው ማ ዳዌይ በፕሮቲን ውስጥ የሚገኘውን ፕሮሊን የተባለ አሚኖ አሲድ ሞከረና ሠራለት። ከዚያ ወዲህ ተራ የአሞኒያ ውሃን የናይትሮጅን ምንጭ ማድረግም ተችሏል። መዳብ ርካሽ መሆኑ ብቻ አይደለም ጥቅሙ። በሚዋጥ መድኃኒት ውስጥ እንዲቀር የሚፈቀደው ፓላዲየም በቀን 100 ማይክሮግራም ነው፤ መዳብ ግን 3,000። ማጣሪያው ላይ የሚወጣው ወጪ ይቀላል ማለት ነው። ሆኖም እዚህ መንገድ ላይ የጨው ቆሻሻ ይተርፋል፣ አሟሚውም ብዙ ጊዜ ዲኤምኤፍ የሚባለው መርዛማ ፈሳሽ ነበር። መዳቡ ጥሩ ሆኖ ፈሳሹ መጥፎ ከሆነ ምኑን አረንጓዴ ሆነ?

አሁን በየላቦራቶሪው የሚሠራው በአብዛኛው መዳብን በሆነ ነገር ላይ ማጣበቅ ነው። በሴሉሎስ፣ ከሽሪምፕ ቅርፊት በሚገኝ ካይቶሳን፣ ወይም በማግኔት በሚሳብ የብረት ኦክሳይድ ላይ። ማግኔቱ ያለበት ሲሆን ሥራው እንዳለቀ ዕቃው ጎን ማግኔት ይደቀናል፤ ካታሊስቱ ተሰብስቦ ይለጠፋል፣ ፈሳሹ ይቀዳል። የተለመደው ፈተና ናይትሮፌኖል ላይ ነው። ደማቅ ቢጫ የነበረው ፈሳሽ በደቂቃዎች ውስጥ ቀለም አልባ ይሆናል፤ የተገኘው አሚኖፌኖል የፓራሲታሞል ጥሬ ዕቃ ነው። ለዓይን ደስ ይላል። ግን ሃይድሮጅኑ የሚመጣው ከሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ነው፤ እሱም ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ ይጨመራል። ይህን ለፋብሪካ የሚያስበው ያለ አይመስለኝም።

የተጣበቀ መዳብ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ይፈታል ወይስ አይፈታም? መዳብ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለዓሣና ለአልጌ መርዝ ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው። ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ፈሳሹ ሳይቀዘቅዝ ይጠለላል፣ ካታሊስቱ ይወጣል፣ የቀረው ማሞቂያው ላይ ይመለሳል። ለውጡ ከቆመ ጥሩ ምልክት ነው። ከቀጠለ ግን መዳቡ ሟሙቶ ፈሳሹ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።