ስኬላር እና ቬክተር ምንድን ናቸው?

ሦስት ኪሎ ጤፍ ላይ አራት ኪሎ ቢጨመር ሰባት ኪሎ ይሆናል። ከጆንያው በየትኛው በኩል ቢፈስ ለውጥ የለውም። ከደጃፋችሁ ተነስታችሁ ሦስት መቶ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያም አራት መቶ ሜትር ወደ ሰሜን ብትሄዱ ግን ከደጃፉ የምትርቁት ሰባት መቶ ሳይሆን አምስት መቶ ሜትር ነው። ሁለተኛውን ጉዞ ወደ ምዕራብ ብታደርጉትማ አንድ መቶ ሜትር ብቻ ይሆናል።

የጤፉ ዓይነት መጠን ስኬላር ይባላል፤ ቁጥሩና መለኪያው ከተነገረ የቀረ ነገር የለም። ጊዜና የሙቀት መጠንም እንዲሁ ናቸው። ከዜሮ በታች አምስት ዲግሪ ስንል የመቀነስ ምልክቱ አቅጣጫ አይደለም፤ በመለኪያው ላይ ያለ ቦታ ነው። ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው የቦታ ለውጥ ግን ቬክተር ነው፤ «ወዴት?» ተብሎ ካልተጠየቀ ትርጉሙ ጎዶሎ ነው።

ተማሪ የሚደናገረው ብዙውን ጊዜ ፍጥነት ላይ ነው፤ የዘወትር አማርኛ ለስኬላሩም ለቬክተሩም «ፍጥነት» ይላልና። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ርቀቱን ለጊዜው ብናካፍል በሰከንድ 6.34 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህ ስኬላሩ ነው። የቬክተሩ አማካይ ስንት ነው? ዜሮ! ውድድሩ ባለ 400 ሜትር መም ላይ 25 ዙር ስለሆነ የሚያልቀው በተጀመረበት መስመር ላይ ነው፤ የቦታ ለውጥ የለም። ለዚያ ሁሉ ላብ ዜሮ መስጠት ግፍ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ትክክል ነው። ከዚህም በላይ፣ ሯጩ ኩርባው ላይ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ ቢሮጥ እንኳ አቅጣጫው በየቅጽበቱ ስለሚዞር ቬክተሩ እየተለወጠ ነው። ለዚህ ነው በኩርባ ላይ ሯጭ ወደ ውስጥ ዘንበል የሚለው፤ እግሩ መሬቱን ወደ ውጭ ይገፋል፣ መሬቱም እሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

እንግዲህ አቅጣጫ ያለው ሁሉ ቬክተር ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ነበር የሸመደድኩት። የኤሌክትሪክ ጅረት ግን ይህን ያፈርሰዋል። በሽቦ ውስጥ ወደ አንድ ወገን ይፈስሳል፤ ሆኖም ሦስት አምፔርና አራት አምፔር የተሸከሙ ሁለት ሽቦዎች አንድ መገናኛ ላይ ቢገቡ፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ምንም ይሁን ምን፣ በሦስተኛው ሽቦ የሚወጣው ሰባት አምፔር ነው። ልክ እንደ ጤፉ።