የአባይ በረሃ መንገድ፦ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን

ጎሃ ጽዮንን ከደጀን የሚያገናኘው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር አድርጎ ጎንደር የሚዘልቀው ዋና መንገድ አካል ነው። ጎሃ ጽዮን በኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ፣ ደጀን በአማራ ምሥራቅ ጎጃም ናቸው። ሁለቱም ከ2,400 እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጡ ደጋ ከተሞች ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው የአባይ ወንዝ ድልድይ ግን 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የነበረ ተሳፋሪ ፍልቅልቅ የምትባለውን መንደር አልፎ ድልድዩ ጋ ሲደርስ መስኮት ክፈቱልኝ ይላል። ሸለቆውን ሹፌሮች «አባይ በረሃ» ብቻ ነው የሚሉት።

የመኪናውን መንገድ መጀመሪያ የቀደዱት ጣሊያኖች ናቸው። አሮጌው ድልድይ ሻፈርታክ ይባላል፤ ስሙ የጥንቱ መሻገሪያ መልካ ስም ነው። ከጎኑ ያለው የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀ ሲሆን፣ በሁለት ምሰሶዎች በተወጠሩ ኬብሎች የተያዘና 303 ሜትር የሚረዝም ነው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ በካጂማ ኩባንያ ተሠራ፤ ቁልቁለቱና ዳገቱም በዚያው እርዳታ ታድሷል። አገሪቱ ካሏት ድልድዮች መካከል የሚያምር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመንገዱ ዋና ጠላት የመሬት መንሸራተት ነው። ሸለቆው ከላይ ባዛልት፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ፣ ከታች ደግሞ ሌላ አሸዋ ድንጋይ ነው። ጂኦሎጂስቶች የጂፕሰሙን ንብርብር በከተማዋ ስም «የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን» ይሉታል። ጂፕሰም በውኃ ይሟሟል፤ ሸክላማው ሲርስ ይለሰልሳል። ከላይ ተንዶ የተከማቸው አፈርና ናዳ ክረምት ላይ ውኃ ሲጠግብ በዚህ ለስላሳ ንብርብር ላይ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱንም ይዞት ይወርዳል። መጀመሪያ የሚታየው መንገዱን ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ ቶሎ ካልተደፈነ ውኃ ያስገባል፤ ያኔ የመንገዱ ጠርዝ እንደ ደረጃ ዝቅ ይላል። ቦይና ቱቦ በደለል ከተደፈኑ ደግሞ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን) ብቻውን አያቆመውም። ጥፋቱ የአስፋልቱ ነው የሚሉ አሉ፤ ከሥሩ ያለው መሬት ሲሄድ ግን የቱም አስፋልት አብሮ ይሄዳል። ከልክ በላይ የሚጫኑ መኪኖች ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ አከራካሪ ነው። ዳገት ላይ በዝግታ የሚጎተት ከባድ መኪና በቆላው ሙቀት የለሰለሰ አስፋልት ላይ የጎማ ቦይ እንደሚያወጣ ግን የታወቀ ነው።

በየወገኑ 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,400 ሜትር ገደማ ይወረዳል፤ በአማካይ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ አልገባ ይላል። በወጡበት ማርሽ ውረዱ የሚባለው የድሮ ምክር ዛሬም ይሠራል። ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ከሆነ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ ይከዳል። የአየር ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ ደግሞ የአየር ታንኩ ይጎድላል። ብዙ ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ይሄው ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ችግሩ ራዲያተር ነው፤ ሞተሩ ከፈላ ክዳኑ ወዲያው አይከፈትም፣ ቀዝቃዛ ውኃም አይደፋበትም። ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ያደርጋል፤ ታኮው አብዛኛውን ጊዜ ከዳር የተነሣ ድንጋይ ነው። መኪናው ሲነሣ ድንጋዩ ካልተነሣ ማታ ኩርባውን ዞሮ የሚመጣው ሚኒባስ ያገኘዋል።