የሞባይል ሆም ፓርክ ኑሮ በአሜሪካ፦ የገንዘብ ጥቅሙና ጉዳቱ

ሞባይል ሆም ፓርክ በፋብሪካ ተሠርተው በመኪና ተጎትተው የመጡ ቤቶች በአንድ ባለንብረት መሬት ላይ ተደርድረው የቆሙበት መንደር ነው። በአብዛኛው ነዋሪው ቤቱን ይገዛል፣ ቤቱ ያረፈበትን ቦታ ግን በየወሩ ይከራያል። «መሬት ላራሹ» ሲባል ለሰማ አንባቢ ነገሩ ከጭሰኝነት ብዙም አይርቅም። ዛሬ የሚሠሩት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል መንግሥት የግንባታ ደንብ ይመራሉ።

ሰውን የሚስበው ዋጋው ነው። በ2023 የአዲስ ቤት አማካይ ዋጋ፣ መሬቱን ሳይጨምር፣ 124 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ያገለገለ ከዚያ በብዙ ይረክሳል። ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት ግድግዳ የለም፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጓሮም ይኖራል።

ጣጣው ከብድሩ ይጀምራል። በብዙ ግዛቶች ለቤቱ የሚወጣለት እንደ መኪና ሊብሬ እንጂ ካርታ አይደለም። ስለዚህ ባንኮች እንደ ተራ የቤት ብድር አያዩትም፤ ወለዱ ከፍ፣ የመክፈያው ጊዜም አጠር ይላል። ከዚያ የቦታ ኪራዩ ይመጣል። በወር 600 ዶላር የነበረ ኪራይ በየዓመቱ 5 በመቶ ቢጨመርበት በ10 ዓመት 977 ዶላር ገደማ ይደርሳል። 5 በመቶ ደግሞ የዋሽንግተን ግዛት በ2025 ባወጣው ሕግ የተቀመጠ ጣሪያ ነው፤ ጣሪያ የሌለባቸው ግዛቶች ብዙ ናቸው። «ቤቴን ይዤ እሄዳለሁ» ማለት ለወሬ ይቀላል። ማስጎተቱ፣ ውኃና መብራት ቆርጦ መቀጠሉ ሺዎች ዶላር ይፈጃል፤ ከ1976 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ ደግሞ ብዙ ፓርኮች አይቀበሉትም። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ቧንቧው በብርድ ቢፈነዳ ወጪው የነዋሪው ነው።

የቤቱ ዋጋ በጊዜ ብዛት ይወርዳል ወይስ ይወጣል የሚለው ያከራክራል። ከነመሬታቸው የተያዙት ከተራ ቤቶች ጋር ተቀራራቢ ጭማሪ እንዳሳዩ የፌዴራል መረጃ ያመለክታል፤ በኪራይ ቦታ ላይ ላሉት ግን ይህን መጥቀስ አያዋጣም።

ከሁሉ የሚያኮራው የኒው ሃምፕሻየር ታሪክ ነው። በ1984 ሜሬዲዝ በተባለች ከተማ 13 ቤተሰቦች የሚኖሩባት ፓርክ ለሽያጭ ስትቀርብ፣ ነዋሪዎቹ ከአንድ የማኅበረሰብ ብድር ተቋም ተበድረው በኅብረት ሥራ ማኅበር ገዟት። ዛሬ በዚያች ትንሽ ግዛት ከ130 በላይ ፓርኮች በነዋሪዎቻቸው እጅ ናቸው። ግዛቲቱ እነዚህን ቤቶች በሕግ እንደ ቋሚ ንብረት ስለምትቆጥር ብድሩም ይቀላል። በ2008 የተቋቋመው ሮክ ዩኤስኤ የተባለ ድርጅት ይህንኑ አሠራር ወደ ሌሎች ግዛቶች አስፋፍቷል። የየፓርኩ ማኅበር አባላት ኪራዩን ራሳቸው በድምፅ ይወስናሉ፤ የግዢው ዕዳ እስኪያልቅ መጠነኛ ጭማሪ አይቀርም፣ በረዶ ማስጠረጉና ኪራይ ያልከፈለ ጎረቤትን መጠየቁም በእነሱው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በኮሎራዶ ባለንብረቱ ፓርኩን ሊሸጥ ሲል ለነዋሪዎቹ ማሳወቅ አለበት፤ በ2022 በተሻሻለው ሕግ መሠረት የግዢ ሐሳብ ለማቅረብ 120 ቀን አላቸው።