«የቱን ቋንቋ አብልጠህ ትችላለህ?»

አዳማ ያደገ ጓደኛ አለኝ። ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ ያወራል፣ ከሰፈር ልጆች ጋር በአማርኛ። የመሥሪያ ቤት ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። «የቱን አብልጠህ ትችላለህ?» ሲሉት «ለምኑ?» ይላል። ሰው ያሾፈ ይመስለዋል። መልሱ ግን ልክ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሰው የሚላቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

«አፍ የፈቱበት ቋንቋ ሁሌም ይበልጣል።» የግድ አይደለም። አፍ መፍቻ የሚነግረን የቱ እንደቀደመ ነው። በአማርኛ አፉን ፈትቶ አሜሪካ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ እንግሊዝኛው ሊያይልበት ይችላል።

«ሁለት ቋንቋ ያወቀ ሁለቱንም እኩል መቻል አለበት።» ብዙ ልጅ የሚበደለው በዚህ ነው። የቋንቋ ሥነ ልቦና ምሁሩ ፍራንሷ ግሮዦን በ1989 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ባለ ሁለት ቋንቋ ሰው ማለት ሁለት ባለ አንድ ቋንቋ ሰዎች በአንድ አካል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ሥራ አለው። ውጭ አገር ያደገች ልጅ ምጣድን በአማርኛ፣ ማይክሮስኮፕን በእንግሊዝኛ ብቻ ልታውቅ ትችላለች። በአንዱ ቋንቋ ብቻ ሥዕል እያሳዩ ቃል ቢጠይቋት «ወደኋላ ቀርታለች» ይባላል። በየትኛውም ቋንቋ ያወቀችው ሲደመር ግን ውጤቱ ሌላ ነው። ያልተማሩበትን ጠይቆ አያውቁም ማለት ምን ይሉታል?

«በመጠይቅ የሚለካው ችሎታ ነው።» እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከሁለት ቋንቋ የቱ እንደሚያይል የሚለካ አንድ የታወቀ መጠይቅ አለ። ቋንቋውን መቼ ጀመርክ፣ ምን ያህል ትጠቀምበታለህ፣ ምን ያህል ትችላለህ፣ ምን ይሰማሃል ብሎ ይጠይቃል። የአንዱ ቋንቋ ነጥብ ከሌላው ይቀነሳል። ውጤቱ ከ-218 እስከ +218 ይደርሳል። ዜሮ አጠገብ መሆን ሚዛኑ እኩል ነው ማለት እንጂ ጎበዝ ነህ ማለት አይደለም። በሁለቱም የሚንተባተብ ሰውም ዜሮ ሊያገኝ ይችላል። መጠይቁ ደግሞ ለሁለት ቋንቋ የተሠራ ስለሆነ ጓደኛዬን ሦስት ጊዜ፣ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ሊጠይቁት ነው! ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ «ትንሽ ትንሽ» ማለትም ይወዳል፤ ስለዚህ ሥዕል እያዩ ስም እንደመጥራት ያለ ፈተና ቢታከልበት ጥሩ ነው።

«ቋንቋ የሚቀላቅል ሁለቱንም አይችልም።» ተረት ነው። አዲስ አበባ «ሚቲንግ አለኝ» የሚለው ሁሉ «ስብሰባ» ጠፍቶት አይደለም።

«የሚቆጥርበት ቋንቋ ዋናው ነው።» ጓደኛዬ ገንዘብ የሚቆጥረው በአማርኛ ነው፤ ሒሳብ የጀመረው በአማርኛ ነዋ። ሲናደድ ግን ኦሮምኛው ይቀድመዋል።