ማሳጅ በስዊድን የጨለማ ወራት

ስዊድን ውስጥ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ የካቲት ባሉት ወራት መታሸት ለብዙ ሰው እንደ ካፖርትና እንደ ወፍራም ካልሲ የክረምት ስንቅ ነው። ብርዱንስ ልብስ ይመልሰዋል፤ የሚከብደው ጨለማው ነው። በስቶክሆልም በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ45 ገደማ ሲሆን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በሰሜን ጫፍ በምትገኘው ኪሩና ደግሞ ለሦስት ሳምንታት ያህል ከአድማስ በላይ ጭራሽ ብቅ አትልም። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ፣ ከኢትዮጵያ ለሄደ ሰው ይህ ከበረዶውም በላይ እንግዳ ነገር ነው። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፣ በአደይ አበባም ያበቃል። መስከረም ሲጠባ እኛ ጋ ሰማዩ ይገለጣል፣ እነሱ ጋ መዝጋት ይጀምራል።

ጨለማው በስሜት ላይ የሚያደርሰው ጫና በሕክምናው ዓለም የራሱን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ኖርማን ሮዘንታልና የሥራ ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሲሠሩ በየዓመቱ ቀኑ ሲያጥር ጀምሮ ቀኑ ሲረዝም የሚለቅ ድብርት መኖሩን ገለጹ፤ ‘ወቅታዊ የስሜት መታወክ’ም አሉት። እንቅልፍ ይበዛል፣ ጣፋጭና የዳቦ ዘር ያሰኛል፣ ሰውነት ይከብዳል። ዋነኛው ሕክምና ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በሚያበራ መብራት ፊት መቀመጥ ነው። የሰሜኗ ኡሜኦ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 በአውቶቡስ ፌርማታዎቿ ላይ እንዲህ ያለ መብራት ተክላ ነበር፤ ሰዎች አውቶቡስ እየጠበቁ ብርሃን ይሞቃሉ። ማሳጅ ይህን መብራት አይተካም። ሥራው ሌላ ነው።

በዓለም ላይ ‘የስዊድን ማሳጅ’ ተብሎ የሚታወቀው የአስተሻሸት ስልት በራሷ በስዊድን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስም አይጠራም፤ እዚያ ‘ክላሲክ ማሳጅ’ ነው። ስሙ የመጣው ከፔር ሄንሪክ ሊንግ (1776–1839) ነው። ሊንግ የጎራዴ ግጥሚያ መምህር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ማዕከላዊ ተቋም አቋቁሞ እንቅስቃሴን ለሕክምና የማዋል ትምህርት አስፋፋ። የአስተሻሸቱ ዓይነቶች ዛሬ የሚጠሩባቸውን የፈረንሳይኛ ስሞች በማደራጀት ግን የታሪክ ጸሐፊዎች የበለጠ የሚያመሰግኑት የአምስተርዳሙን ሐኪም ዮሐን ጌዮርግ ሜዝገርን (1838–1909) ነው። ሜዝገር እ.ኤ.አ. በ1868 የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው ወለም ያለ እግርን በማሸት ስለማዳን ነበር። ‘የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም’ እያለ ላደገ አንባቢ ርእሱ አዲስ አይሆንበትም። በእኛ ዘንድ የወጌሻ ሙያ ሆኖ የቆየውን ነገር እሱ ወደ ዩኒቨርሲቲ አስገባው።

ስልቱ አምስት ዋና ዋና የእጅ አካሄዶች አሉት። ኤፍለራዥ የሚባለው በመዳፍ ረዘም አድርጎ ወደ ልብ አቅጣጫ መዳሰስ ነው፤ ዘይቱን ያዳርሳል፣ ቆዳውንም ከእጁ ጋር ያስተዋውቃል። ቀጥሎ የሚመጣውን ፔትሪሳዥን አማርኛ በአንድ ቃል ገልጾታል፦ ሊጥም ይታሻል፣ ትከሻም ይታሻል፣ ሥራውም አንድ ነው። ጡንቻውን ሰብስቦ መያዝ፣ መጫን፣ መልቀቅ። ፍሪክሲዮን በአውራ ጣት አንድን ቋጠሮ አጥብቆ መፈተግ ነው። መታ መታ ማድረግና ማንዘር አሁን አሁን ብዙም አይዘወተሩም፤ እንቅልፍ ፈልጎ ለመጣ ሰው ጀርባውን መደብደብ ምን ይፈይዳል?

በክረምት ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ትከሻና አንገት ላይ ነው። ብርድ ሲመታን ትከሻችንን ወደ ጆሮ ሰቅለን እንሄዳለን። በረዶ ላይ እንዳንንሸራተት ጭናችንንና ወገባችንን አጠንክረን እንራመዳለን፤ በዚህ ላይ በረዶ በአካፋ መዛቅ ይጨመርበታል። ምሽት ላይ ሰውየው ‘ምንም ሳልሠራ ደከመኝ’ ይላል፣ ጡንቻው ግን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሏል።

ከጡንቻው በላይ ግን ቆዳው የሚነግረን አለ፤ ስዊድናውያን ተመራማሪዎችም ከሁሉ የላቀ ሥራ የሠሩት እዚህ ላይ ነው። በጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ኦኬ ቫልቦ፣ ሆካን ኡላውሶንና ባልደረቦቻቸው ፀጉር በሚያበቅለው የሰው ቆዳ ውስጥ ለቀስታ ዳሰሳ ብቻ የሚነቁ ቀጫጭን ነርቮች መኖራቸውን አሳይተዋል። እነዚህ ነርቮች በደንብ የሚመልሱት እጅ በሴኮንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ሲሄድ፣ ሙቀቱም ከቆዳ ሙቀት ጋር ሲስማማ ነው፤ ይህም 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ነው። የሚያስተላልፉት መልእክት ‘የት ተነካሁ’ የሚል ሳይሆን ‘ደስ ይላል’ የሚል ነው። እናት ሕፃኗን የምትዳብስበት ፍጥነትም ይኸው ነው። በክረምት ሰው በአራት ድርብ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ሰላምታውንም በጓንት ሰጥቶ ቤቱ ይገባል፤ ብቻውን ለሚኖር ደግሞ ሳምንቱ አንድም ሰው ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። በእኔ ግምት የክረምት ማሳጅ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ማስታወቂያዎች ‘ማሳጅ የጭንቀት ሆርሞንን ያጠፋል’ ማለት ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሰፊ ግምገማ ማሳጅ በዚሁ ሆርሞን፣ በኮርቲሶል፣ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በጣም አነስተኛ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከምንም የማይለይ መሆኑን አሳይቷል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2004 ሠላሳ ሰባት ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና፣ ደጋግመው የታሹ ሰዎች ጭንቀታቸውና ድብርታቸው እንደቀነሰ፣ መጠኑም በንግግር ሕክምና ከሚገኘው ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አግኝቷል። ደጋግመው የሚለው ቃል ይሰመርበት። በገና ሰሞን አንድ ጊዜ ታሽቶ ክረምቱን ሙሉ መጽናናት አይቻልም።

ለመደጋገሙ ደግሞ የስዊድን የግብር ሕግ ያግዛል። ‘ፍሪስክቮርድስቢድራግ’ በሚባለው ሥርዓት አሠሪ ለሠራተኞቹ በዓመት እስከ 5,000 ክሮና ድረስ ከግብር ነፃ የሆነ የጤና ማበረታቻ ሊሰጥ ይችላል፤ ማሳጅም ከሚፈቀዱት አንዱ ነው። ለሁሉም ሠራተኛ መሰጠት አለበት። ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ወደሚቀጥለው ዓመት ስለማይሻገር፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሰው ይሽቀዳደማል። አዲስ የመጡ ወገኖቻችን ይህን መብት ሳያውቁ ዓመታት ያሳልፋሉ፤ ደመወዝ ክፍልን መጠየቅ አያሳፍርም።

ክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ስለ ጤና ይጠይቃል፦ ትኩሳት፣ የደም መርጋት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የቆዳ ቁስል፣ እርግዝና። ልብስ ማውለቅ ለእኛ ሰው ትንሽ ይከብዳል፤ ነገር ግን የሚታሸው ክፍል ብቻ ይገለጣል፣ ሌላው በፎጣ ይሸፈናል፣ ባለሙያው ሴት ወይም ወንድ እንዲሆን አስቀድሞ መጠየቅም የተለመደ ነው። የማሳጅ ሠሪነት መጠሪያ በመንግሥት ፈቃድ ያልተጠበቀ ስለሆነ የት እንደተማሩ መጠየቅ ተገቢ ነው። የጠቆረ ቆዳ ያለው ሰው በእነዚህ ወራት የቫይታሚን ዲ እጥረት በቀላሉ ስለሚያገኘው፣ ድካሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቀድማል። ተስፋ መቁረጥ የበረታበት ሰውማ ቀጠሮው ከሐኪም ጋር መሆን አለበት።

ማሳጅ ሌላም መልክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በስዊድን ነርሶች እጅ ያደገው ‘ታክቲል ማሳጅ’ ጡንቻን አይጫንም፣ ቆዳን ብቻ ቀስ አድርጎ ይዳስሳል፤ የመርሳት ችግር ላለባቸው አረጋውያን ይዘወተራል። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ከሚሠሩት መካከል ከውጭ የመጡ ብዙ ናቸው፣ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። መስኮቱ በ9 ሰዓት ሲጠቁር አንዲት አዛውንት ‘ቤቴ ውሰዱኝ’ እያሉ ይረበሻሉ። ሠራተኛዋ ዘይቱን በመዳፏ ታሞቃለች፣ አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ ከጣታቸው ጫፍ ጀምራ ወደ ክንዳቸው ቀስ እያለች ትወጣለች።