«እያወቅኩት ያለፈቃድ ቀረ ይባላል?»

ብዙ ወላጆችን የሚያናድድ ነገር ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት መቅረቱን ራሳቸው ያውቃሉ፣ መዝገቡ ላይ ግን «ያለፈቃድ ቀሪ» ተብሏል። ቅሬታው ይገባኛል፤ ግን የወላጅ ማወቅና የትምህርት ቤቱ ፈቃድ ለየቅል ናቸው። ሕመም፣ የቤተሰብ ሐዘን ወይም የሃይማኖት በዓል አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት አላቸው። ሽርሽር ወይም እንቅልፍ ግን ወላጅ ቢፈርምበትም ውድቅ ሊሆን ይችላል።

መፎረፍ ደግሞ ሌላ ነው። ልጁ በሰዓቱ ከቤት ይወጣል፣ ጠዋት ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል፣ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የለም። በየክፍለ ጊዜው ስም የሚጠራው ለዚህ ነው።

ቀሪው ሲደጋገም መጀመሪያ ስልክ ይደወላል፣ ቀጥሎ ደብዳቤ ይላካል፣ ከዚያ ወላጅ ይጠራል። እዚህ ላይ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ከቅጣት መቅደም አለበት። ጉልበተኛ የሚፈራ አለ፤ ትምህርቱ የከበደው አለ፤ ታናናሾቹን የሚጠብቅም አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ ለቅጣት ብሎ ከትምህርት ማገድ በፍጹም አይዋጥልኝም። የቀረውን ልጅ እንደገና ማስቀረት ነው።

ፈቃድ ያለው ቀሪም ቢሆን ይደመራል። ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶ ያህል መቅረት በብዙ ቦታ የአደጋ ምልክት ተደርጎ ይታያል። ዓመቱ 180 የትምህርት ቀናት ካሉት 18 ቀን ማለት ነው፤ በወር ሁለት ቀን ገደማ።

ልጁ ሲመለስ ቀኑንና ምክንያቱን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ላኩ። ሐኪም ቤት ሄዶ ከነበረ ማስረጃውን አያይዙ። ያለዚያ ያመለጠውን ፈተና ላይፈተን ይችላል።