ሬድሸርት ምንድን ነው?

ሬድሸርት የሚባለው በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት አንድ ተጫዋች ከቡድኑ ጋር ሙሉ ዓመት እየሠለጠነ፣ ውድድር ላይ ሳይሰለፍ የሚያሳልፈው ዓመት ነው። ክፍል ይገባል፣ ጂም ይገባል፣ ልምምድ አይቀርም። ስኮላርሺፕ ካለውም አይነካበትም። ቅዳሜ ጨዋታው ሲጀመር ግን ዳር ቆሞ ያያል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቅጣት ይመስለዋል። ልጁ ደውሎ "ዘንድሮ ሬድሸርት ነኝ" ቢለው "ምን አጥፍተህ ነው?" ማለቱ አይቀርም። ልጁ ግን ምንም አላጠፋም።

ጉዳዩ የሒሳብ ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ለረጅም ጊዜ ይዞት የቆየው ደንብ ለአንድ ተጫዋች 5 ዓመት ይሰጠዋል። በ5ቱ ዓመት ውስጥ መወዳደር የሚችለው ግን 4 የውድድር ዘመን ብቻ ነው። አንዷ ዓመት ትርፍ ናት። ትርፏን ገና ጥሬ እያለ ይጠቀምባትና መጨረሻ ላይ ሙሉ ሰው ሆኖ ይጫወት፤ ሐሳቡ ይኼው ነው።

ደንቡ ለሁሉም ተጫዋች ይሠራል። ጥቅሙ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን በአሜሪካ ፉትቦል ኦፌንሲቭ ላይንማን በሚባሉት ላይ ነው። እነዚህ ኳስ የያዘው ቡድን ከፊት የሚደረድራቸው 5 ግዙፎች ናቸው። መሐል ላይ ሰንተር፣ በግራና ቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ጫፍና ጫፍ ሁለት ታክሎች። ሥራቸው ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረውን ተጫዋች፣ ከሚመጣበት መዓት መከለልና ኳስ ይዞ ለሚሮጠው መንገድ መክፈት ነው። ኳሱን ከመሬት አንስቶ ወደኋላ ከሚያቀብለው ሰንተር በቀር ኳስ ነክተው አያውቁም ማለት ይቻላል። ጎል የለ፣ ያርድ የለ፣ የሚቆጠርላቸው ነገር የለም። ዳኛው ማይክ ከፍቶ ቁጥራቸውን የሚጠራው ሲያጠፉ ነው፤ "ሆልዲንግ፣ 10 ያርድ።" ተጋጣሚ ይዘሃል፣ ቡድንህ 10 ያርድ ወደኋላ ይመለስ ማለት ነው። የዓመቱ የኮሌጅ ኮከብ የሚሸለመውን የሃይዝማን ዋንጫ አንድም ኦፌንሲቭ ላይንማን ወስዶ አያውቅም። በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የኦሃዮ ስቴቱ ጆን ሂክስ ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የተጠጋ የለም።

ታዲያ ለምን እነሱ ናቸው ብዙ የሚጠብቁት? አንደኛው ምክንያት ሰውነት ነው። ፈጣን ሯጭ በ18 ዓመቱም ፈጣን ነው፤ ኳስ ሰጥተውት ሊሮጥ ይችላል። ላይንማን ግን ከሃይስኩል ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከሚፈለገው ክብደት 10 እና 20 ኪሎ ይጎድለዋል። ወይም ኪሎው ሞልቶ ግማሹ ቦርጭ ነው። ከፊቱ የሚቆመው ደግሞ 22 ዓመት የሞላው፣ አራት ዓመት ብረት ያነሳ ጎልማሳ ነው። መወፈር ቀላል ነው። እግር ሳይከብድ፣ ወገብ ሳይደነድን 140 ኪሎ መድረስ ግን በአንድ ክረምት አይሆንም።

ምግቡ ራሱ ጉድ ነው። እስከ 2014 ድረስ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾች የሚያቀርቡት ምግብ በደንብ የተገደበ ነበር። አንድ ሰሞን ቤግል በመክሰስ ስም ይፈቀድ ነበር፤ ክሬም ቺዝ ከተቀባበት ግን ምግብ ሆነ ተብሎ ይከለከላል! በ2014 ገደቡ ተነሣ። አሁን ላይንማኑ ሲነሣ ይበላል፣ ከጂም ሲወጣ ይበላል፣ ሊተኛ ሲልም ይበላል። ብዙዎቹ መብላት ከልምምዱ ይበልጥ ሥራ ሆነብን ይላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ሙያው ነው። ሬድሸርት ላይ ያለ ልጅ በሳምንቱ መሐል ልምምድ ላይ የሚሰለፈው ስካውት ቲም ከሚባለው ጋር ነው። ይህ ቡድን የመጪውን ቅዳሜ ተጋጣሚ ሆኖ ይጫወታል። ረዳት አሰልጣኙ የተጋጣሚው አጨዋወት የተሳለበት ካርቶን ከፍ አድርጎ ያሳያቸዋል። ልጁ ካርቶኑን ለጥቂት ሰከንድ ያያል፣ እጁን ሣሩ ላይ ያሳርፋል፣ ከፊቱ የራሱ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ተከላካይ ይቆማል። ኳሱ ይነሣል። ልጁ በጀርባው ይዘረራል። ይነሣል፤ ቀጣይ ካርቶን።

ተመልካች የማያየው ነገር እዚህ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያዋ እርምጃ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ መሆን አለባት። ሰፋ ካደረጋት ክብደቱ አንድ እግር ላይ ይቀራል፤ ተከላካዩ በአንድ እጁ ገፍቶ ይጥለዋል። መዳፎቹ የሚያርፉት የተጋጣሚው ደረት ላይ፣ ከትከሻ ወደ ውስጥ ነው። ወደ ውጭ ሄደው ማልያ ከያዙ ሆልዲንግ ነው። አምስቱም ደግሞ አብረው መንቀሳቀስ አለባቸው። አንዱ ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ኳርተርባኩ መሬት ላይ ነው። ይህ ሁሉ አንጎል ሳያስብበት በእግር የሚታወቅ እስኪሆን ድረስ ወራት ይፈጃል። እኔን ከጠየቃችሁ፣ የላይንማን ሕይወት የሚወሰነው በዚህች ማንም በማያያት ዓመት ነው።

አጀማመሩም ከላይንማን ጋር የተያያዘ ነው። በብዛት እንደሚነገረው በ1937 የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲው ጋርድ ዋረን አልፍሰን ከፊቱ ልምድ ያላቸው ብዙ ተጫዋቾች መኖራቸውን አይቶ፣ ዘንድሮ ልለማመድ እንጂ አልሰለፍ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር የሌለው ቀይ ማልያ ለብሶ ዓመቱን አሳለፈ። ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። በ1940 አልፍሰን ከአገሪቱ ምርጥ ጋርዶች አንዱ ሆኖ ተመረጠ፤ ኔብራስካም ለታዋቂው የኮሌጅ ጨዋታ ለሮዝ ቦል በቃ።

ከቅርቦቹ ጄሰን ኬልሲን ማንሳት ይበቃል። በቴይለር ስዊፍት በኩል ስሙን የሰማችሁት የትራቪስ ኬልሲ ታላቅ ወንድም ነው። ሃይስኩል እያለ ላይንማን አልነበረም። ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የገባው ያለ ስኮላርሺፕ፣ በራሱ ገንዘብ ነው። 2006ን ሬድሸርት ሆኖ አሳለፈ፣ ከዚያ ላይንማን አደረጉት። በ2011 ፕሮፌሽናል ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት ፊላደልፊያ ኢግልስ በስድስተኛው ዙር ወሰደው። እዚያው 13 የውድድር ዘመን በሰንተርነት ተጫውቶ፣ የሊጉን ዋንጫ ሱፐር ቦልን በልቶ፣ በ2024 ጫማ ሰቀለ። የሚሺጋኑ ጄክ ሎንግም ሬድሸርት ነበር፤ እሱ በ2008 ድራፍት ከሁሉ ቀድሞ ተመረጠ።

ሌላ ዓይነት ሬድሸርትም አለ፤ ሜዲካል ይሉታል። የውድድር ዘመኑ ገና ሳይጋመስ ክፉኛ የተጎዳ ተጫዋች አመልክቶ ዓመቱ እንዳይቆጠርበት ማድረግ ይችላል። ላይንማኖች ጉልበታቸው ስለሚጎዳ ይህን በደንብ ያውቁታል።

በ2018 ደንቡ ላላ። ተጫዋቹ እስከ 4 ጨዋታ ተሰልፎም ዓመቱን ሬድሸርት ማድረግ ይችላል ተባለ። ለጀማሪ ላይንማን ይህ መልካም ነበር፤ ትንሽ ይቀምሳል፣ ዓመቱም አይቃጠልበትም። ችግሩ ሌሎቹ ቀዳዳ አገኙበት። በ2024 የላስ ቬጋሱ ዩኤንኤልቪ 3 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ሳለ፣ ቃል የተገባልኝ ገንዘብ አልተሰጠኝም ያለ ኳርተርባክ ዓመቱን ሬድሸርት አድርጌዋለሁ ብሎ ወጣ። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ የገንዘብ ጥያቄው ደንብ የሚጥስ ነው አለ። ለማደግ የተሰጠች ዓመት የድርድር ካርድ ሆነች።

የመጠበቅ ባህሉም እየሳሳ ነው። ከ2018 ወዲህ ቡድን መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች የሚመዘገብበት ትራንስፈር ፖርታል አለ፤ ስሙን አስገብቶ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መፈለግ ቀላል ሆኗል። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ይከፍላሉ። አሰልጣኙ የ18 ዓመት ልጅ ሦስት ዓመት ከሚያሳድግ የበሰለ ታክል ከሌላ ቦታ ገዝቶ ያመጣል። ልጁም በበኩሉ ስካውት ቲም ላይ ዓመቱን ሙሉ ከሚዘረር ሌላ ቦታ ይሞክራል። ሁለቱንም መውቀስ ይከብዳል። ክፍያውን ከፈቀደው ስምምነት ጋር አብሮ የመጣው የ105 ተጫዋች ጣሪያ ግን ያሳስበኛል። ብዙ ቡድኖች ከዚያ በላይ ይይዙ ነበር። ቅነሳው የሚያርፈው ደግሞ እንደ ኬልሲ በራሳቸው ገንዘብ በሚገቡት ላይ ነው።

እና አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኝ ቤታችሁ መጥቶ ልጃችሁን ለላይንማንነት ከፈለገው፣ ስለ ስታዲየሙ ስፋት አትጠይቁት። ከልጁ ፊት በዚያው ቦታ ስንት ተጫዋች አለ? ስንቶቹ የመጨረሻ ዓመታቸው ላይ ናቸው? ባለፈው ዓመትስ ከፖርታል ስንት ላይንማን አመጣችሁ? ከዚያ "ሬድሸርት እናደርገዋለን" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባችኋል።